ጥቁር ጭስ፣ ሰማያዊ ጭስ፣ ነጭ ጭስ፦ የእንጦጦ ዳገትና ያረጀው ሚኒባስ ታሪክ

 ዛሬ የምናወራው ስለ ሞተር ነው። ፖለቲካውን ለመሸሽ አይደለም፤ እንደምታዩት መጨረሻ ላይ እሱም ራሱ ይመጣል።

አንድ ያረጀ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ጉራራ ሲወጣ ጥቁር ጭስ ቢተፋ ፍርዱ ቶሎ ይሰጣል። ከኋላ የሚከተለው ባለ አውቶሞቢል መስኮቱን እየዘጋ «የዚህ ሞተር አልቆለታል» ይላል። ትራፊኩ «ቦሎውን ማን ሰጠው?» ይላል። ባለቤቱ በስልክ «ኢንጀክተሩን ቀይሩት» ብሎ ያዛል። ጋቢና የተቀመጠው ተሳፋሪ ደግሞ ከእግሩ ሥር የሚወጣው ሙቀት አሳስቦት ሾፌሩን «ቀስ በል እንጂ ወንድሜ» ይለዋል። ሁሉም ተናገሩ፤ ሞተሩን ግን ማንም አልጠየቀውም።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አንድ ነው። የዚያ መኪና ሕመም ከፊሉ በሞተሩ ውስጥ፣ ከፊሉ ደግሞ በታሪካችን ውስጥ ነው። ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ ምርመራ ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ለጥገና ዋጋ ይከፈላል፣ ለዕቃ ዋጋ ይከፈላል፤ ለምርመራ ግን ዋጋ የለም። ችግሩ ከዚህ ይጀምራል።

■ ዳገቱ ከመኪናው ይቀድማል

ከተማችን የተወለደችው ዳገት ላይ ነው። ምኒልክ በ1870ዎቹ መናገሻቸውን እንጦጦ ላይ ያደረጉት ጠላትን ከሩቅ ለማየትና ለመከላከል ስለሚመች ነበር። ብርዱና የማገዶ እጥረቱ ግን ለከተማ አልሆነም። በ1879 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ምርጫ ፍልውሃው አጠገብ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት ግን በ1882 ዓ.ም. እዚያው ተራራ ላይ፣ እንጦጦ ማርያም ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ባሕር ዛፍ ሲመጣ ራቁቱን የቀረው ተራራ ዳግም ለበሰ። የውጭ አገር ለጋሲዮኖችም በሰሜን ምሥራቁ ግርጌ ሰፋፊ ቦታ ተሰጣቸው። ዛሬም ታክሲ ተሳፍረን «ፈረንሳይ» የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

ሞተር የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1890ዎቹ መጨረሻ ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ ሞተር አስመጣ፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለች አውቶሞቢል ከጅቡቲ ጠረፍ እየነዳና እያስጎተተ አዲስ አበባ አስገባ፤ ለምኒልክም አቀረባት። ጠረፉ ላይ ሙሉ አየር ስትተነፍስ የነበረች ሞተር ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ወጣች ማለት ነው። የአዲስ አበባ የሞተር ሕመም ታሪክ የጀመረው ያን ቀን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። መገናኛ አካባቢ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከመቶ ሰባ አይሞላም። ስለዚህ ተርቦ የሌለው የ3 ሊትር ናፍታ ሞተር መገናኛ ላይ የሚስበው አየር ባሕር ዳርቻ ያለ የ2.2 ሊትር ሞተር የሚስበውን ያህል ነው። እንጦጦ ጫፍ ሲደርስ ወደ 2 ሊትር ይወርዳል። መኪናው ላይ የተጻፈው ቁጥር አልተቀየረም፤ ዳገቱ ግን ከሞተሩ አንድ ሦስተኛውን ወስዶበታል።

ይህን የማያውቅ ሰው ደካማ ሞተር ባየ ቁጥር «አልቋል» ይላል። ሞተሩ ግን ላያልቅ ይችላል፤ የተሠራለት አየር ሌላ ነው።

■ መካኒኩ በጣሊያንኛ ይናገራል

ማንኛውም ጋራዥ ገብታችሁ አዳምጡ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ፖምፓ፣ ቺንጋ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን። መሣሪያው ካቻቢቴና ፒንሳ ነው። ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ፣ መኪና የሚታጠብበት ላቫጆ ይባላል። ወረቀቱም ቢሆን ያው ነው፤ ታርጋ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ። «መኪና» የሚለው ቃል ራሱ ከዚያው ነው የመጣው። ጋቢናም እንዲሁ።

ይህ ቃላት ብቻ አይደለም፤ የታሪክ ሰነድ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጣሊያን አገሪቱን በጭነት መኪናና በመንገድ ለመያዝ ሞከረ። ከየካ በኮተቤ ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃንና ደሴ የሚሄደው መንገድ፣ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ የተቦረቦረውን ዋሻ ጨምሮ፣ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ሕዝቡ «ትሬንታ ኳትሮ» ያለው የጭነት መኪና ስሙ ፊያት 634 ከሚለው ቁጥር የተወሰደ ነው። ከነጻነት በኋላ ደግሞ «ኤንትሬ» የተባለው ፊያት መጥቶ አገሪቱን አዳረሰ።

ወራሪው ተባረረ፤ ጋራዡ ግን ቀረ። ከነጻነት በኋላ እዚሁ የቀሩ ጣሊያኖች ጋራዥ ከፍተው ይሠሩ ነበር። አበሻው ልጅ እንደ ረዳት ገብቶ ቁልፍ እያቀበለ፣ ዕቃ በናፍታ እያጠበ፣ ጆሮውን ሞተር ላይ እየደገነ ሙያውን ያዘ። ትምህርቱ በመጽሐፍ አልነበረም። ጌታው በጣሊያንኛ የጠራውን ዕቃ ልጁ በአማርኛ ቃና ደገመው፤ እሱም በተራው ለሌላ ረዳት አስተላለፈው። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው አንጋፋ መካኒኮች የዚህ ሰንሰለት ልጆች ናቸው።

ይህ ሰንሰለት አንድ ትልቅ ጥቅምና አንድ ትልቅ ጉዳት አለው። ጥቅሙ ጆሮና እጅን ማሠልጠኑ ነው። ረዥም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ተክሎ እጀታውን ጆሮው ሥር በማድረግ የትኛው ኩሽኔታ እንደሚጮህ የሚለይ ሰው ያፈራው ይህ ትምህርት ነው። ጉዳቱ ደግሞ አለመጻፉ ነው። መካኒኩ ሲያርፍ ዕውቀቱም አብሮት ያርፋል። በዚያ ላይ የዕቃው ስም ሲተላለፍ የምክንያቱ ነገር ብዙ ጊዜ አይተላለፍም። «ይህ ሲሆን ይህን ቀይር» የሚለው ይቀራል፤ «ለምን?» የሚለው ይጠፋል።

■ ከሰይቼንቶ ወደ ሚኒባስ

የአዲስ አበባ ታክሲ ሁልጊዜ ሚኒባስ አልነበረም። በንጉሡ ዘመን ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ትንሿ ፊያት 600፣ በሕዝቡ አጠራር «ሰይቼንቶ»፣ ሰው ደርባ ትጭን ነበር። ሞተሯ ከኋላ፣ ነዳጇ ቤንዚን ነው።

ታክሲ በዚህች አገር ታሪክ ውስጥ ከመጓጓዣነት በላይ መሆኑን ለማየት የካቲት 1966 ዓ.ም.ን ማስታወስ ይበቃል። በዓለም የነዳጅ ቀውስ ምክንያት የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ገደማ ሲጨምር የአዲስ አበባ ባለ ታክሲዎች መኪናቸውን አቆሙ። መምህራንም አደማ መቱ። ንጉሠ ነገሥቱ የነዳጁን ዋጋ ቀነስ ለማድረግ ተገደዱ። ቀናት ሳይቆዩ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። አብዮቱን ያመጣው ታክሲ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በነዳጅ ዋጋና በዕለት ገቢ መካከል ያለችው ቀጭን መስመር ስትበጠስ ምን እንደሚከተል የዚያ ወር ሰዎች አይተዋል።

በደርግ ዘመን መኪና ማስገባት ጠበበ። ያለው መኪና ተጠግኖ፣ ተቀጥሎ፣ ከሌላ መኪና ዕቃ ተበድሮ እንዲኖር ተፈረደበት። የመካኒኮቻችን የፈጠራ ችሎታ የተሳለው በዚያን ጊዜ ነው። የሌለውን ዕቃ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስቀረጽ፣ የአንዱን መኪና ዕቃ ለሌላው ማላመድ ልማድ ሆነ። ልማዱ የመጣው ከችግር ነው፤ ችግሩ ሲያልፍ ግን ልማዱ አላለፈም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገበያው ሲከፈት የከተማው መንገድ በቶዮታ ሃይኤስ ተሞላ። ቶዮታ ሃይኤስን መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። እኛ ጋ የነገሠው በናፍታ የሚሠራው፣ መካኒኮች «ቱ ኤል»፣ «ስሪ ኤል»፣ «ፋይቭ ኤል» የሚሏቸው ሞተሮች ያሉበት ነው፤ 2.4፣ 2.8 እና 3 ሊትር። ሦስቱም ባለ አራት ፒስተን ናቸው። ታክሲዎቻችን ውስጥ ያሉት ተርቦ የላቸውም፤ ነዳጁም የሚረጨው ኮምፒዩተር በሌለው ሜካኒካል ፖምፓ ነው። ለኛ አገር የተመቹትም ለዚህ ነው። ያለ ኮምፒዩተር፣ በካቻቢቴና በጆሮ የሚጠገን ሞተር ነው።

ብዙዎቹ ግን እዚህ የደረሱት ሌላ አገር ሠርተው ደክመው ነው። እዚህ መጥተው ወንበር ተደረደረላቸው፣ ቀለም ተቀቡ፣ 12 ሰው ጫኑ፤ ጠዋትና ማታ ከዚያም በላይ። ከዚያ ዕድሜያቸው እንደ አዲስ ተቆጠረ። ሊብሬው ላይ ያለው ዕድሜና ሞተሩ ውስጥ ያለው ዕድሜ የተለያየው ያኔ ነው።

■ ጭሱን ማንበብ

አሁን ወደ ዳገቱ እንመለስ። ናፍታ ሞተር ካንዴላ እየተኮሰ አያቀጣጥልም። አየሩን ከሃያ እጥፍ በላይ ጨምቆ ያግለዋል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍታ ይረጫል፤ ናፍታው በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ሦስት ነገር ብቻ ይፈልጋል፦ በቂ አየር፣ ደህና አድርጎ የሚጨምቅ ፒስተን፣ በጊዜውና በልኩ የሚረጭ ናፍታ። ሕመሙ ሁሉ ከእነዚህ ከአንዱ ነው። ጭሱ ደግሞ የትኛው እንደሆነ ይናገራል።

ጥቁር ጭስ ማለት ናፍታው ከአየሩ በዛ ማለት ነው። ይህ የዳገታችን ዋና ምልክት ነው። ፖምፓው ባሕር ዳርቻ በተለካለት መጠን ይረጫል፤ አየሩ ግን ሩቡ የለም። የተረፈው ናፍታ ጥቀርሻ ሆኖ በማርሚታ ይወጣል። ከፍታን እያየ መጠኑን የሚቀንስ መሣሪያ ያላቸው ፖምፓዎች አሉ፤ ብዙዎቹ የኛ ግን ወይ የላቸውም፣ ወይ ያለው ሥራ አቁሟል።

እዚህ ላይ ዳገቱን ከሞተሩ የምንለይበት ቀላል ፈተና አለ። መኪናው መገናኛ አካባቢ ሜዳ ላይ በቀስታ ሲሄድ የማያጨስ፣ ጉራራ ዳገት ላይ ነዳጁ ሙሉ ሲረገጥ ብቻ የሚያጨስ ከሆነ ቅድሚያ የሚጠረጠረው ከፍታውና የፖምፓው ልክ ነው። ሜዳም ላይ የሚያጨስ ከሆነ ግን ጥፋቱን ተራራው ላይ ማላከክ አይቻልም፤ ፊልትሮውን፣ ኢንጀክተሩንና የፖምፓውን ጊዜ ማየት ነው። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮው ይፈታ። ከየካ ተራራ ግርጌ ያሉ የኮረኮንች መንገዶች አቧራ ፊልትሮን በአጭር ጊዜ ይደፍነዋል። አስነፍቶ መመለስ የተለመደ ነው፤ ደጋግሞ ሲነፋ ግን ወረቀቱ ይቀደዳል፣ አቧራውም በቀጥታ ፒስተን ውስጥ ይገባል። በርካሽ ያለፍነውን ፊልትሮ በፋሻ ዋጋ እንከፍለዋለን።

ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ይህ ከከፍታ ጋር አይገናኝም። ወይ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፣ ወይ የቫልቮቹ ጎማ ደርቋል። ለመለየት ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን መክፈት ነው። ትንፋሽ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ ጭምቁ በፋሻው በኩል እያመለጠ ነው፤ ያ መኪና ሞተር ማውረዱ አይቀርለትም። ትንፋሹ ደህና ሆኖ ጠዋት ሲነሣ ወይም ረዥም ቁልቁለት ወርዶ ነዳጅ ሲረገጥ ብቻ ሰማያዊ የሚያወጣ ከሆነ የቫልቭ ጎማ ቅድሚያ ይጠረጠራል። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የአንድ ቤተሰብ የወራት ቀለብ ነው።

ነጭ ጭስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሳይቃጠል የወጣ ናፍታ ነው፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ናፍታ ናፍታ ይሸታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ከተራራው ሥር ያደረ መኪና ለመነሣት ሲያስቸግርና ነጭ ሲያጨስ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን ማየት ነው። ከፍታም እዚህ ድርሻ አለው፤ የሚጨመቀው አየር ሲያንስ ሙቀቱም ስለሚያንስ የደከመ ሞተር ባሕር ዳርቻ የሚነሣውን ያህል እዚህ አይነሣም። ሁለተኛው ነጭ ጭስ ውሃ ነው። ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ፣ የራዲያተር ውሃ እያጎደለ የሚሄድ ከሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል። ያኔ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይታያል።

ኢንጀክተር ላይ ጥርጣሬ ካለም አራቱንም ነቅሎ ከመቀየር በፊት የቆየ ዘዴ አለ። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የእያንዳንዱን ኢንጀክተር የናፍታ ቱቦ አንድ በአንድ ማላላት፤ ከፍተኛ ግፊት ያለው ናፍታ እጅ እንዳይበሳ እየተጠነቀቁ። ቱቦው ሲላላ ሞተሩ ከተንቀጠቀጠና ድምፁ ከወረደ ያኛው ፒስተን ጤነኛ ነው፤ ሥራው ሲቋረጥ ታውቋል። ምንም ለውጥ ከሌለ ግን ታማሚው እሱ ነው፤ ቀድሞም አልሠራም ነበር። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ነው።

■ ውሃው ለምን ቶሎ ይፈላል?

ዳገት ላይ ቆሞ ኮፈኑ ተከፍቶ በሃይላንድ ውሃ የሚጨመርለት ሚኒባስ ሁላችንም አይተናል። የዚህም ግማሽ ምክንያት ከፍታ ነው። ውሃ ባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ መገናኛ ላይ በ92 ገደማ፣ እንጦጦ ጫፍ በ90 ገደማ ይፈላል። ደህና ሞተር ደግሞ የሚሠራው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ በሥራና በመፍላት መካከል የሚቀረው አሥር ዲግሪ ያህል ብቻ ነው።

ይህን ክፍተት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ግፊት አፍኖ ስለሚይዝ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪሆን አይፈላም። ስፕሪንጉ የላላ ወይም ጎማው የተበላ ክዳን ግን ግፊቱን ይለቀዋል፤ ውሃው 92 ላይ ይፈላል። ክዳን ርካሽ ነው። ክዳኑን ሳያይ «ቴስታታ ይውረድ» የሚል መካኒክ ግን ርካሽ አይደለም።

ሌላው የኛ ልማድ ቴርሞስታቱን ነቅሎ መጣል ነው። «እንዳይሞቅ» ይባላል። እውነት ነው፣ ለጊዜው ሙቀቱ ይወርዳል። ሞተሩ ግን በብርድ ማለዳና ቁልቁለት ሲወርድ የሚገባውን ሙቀት ሳያገኝ ይሠራል፤ ናፍታው በደንብ አይቃጠልም፣ ፒስተኑም ቶሎ ይበላል። የተደፈነ ራዲያተር ከማጠብ ይልቅ ምልክቱን ማጥፋት መረጥን ማለት ነው።

ቺንጋውም እንዲሁ ነው። እነዚህ ሞተሮች ቫልቮቹን የሚያዙት በጎማ ቺንጋ ነው። ጊዜው ደርሶ ሳይቀየር ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ሞተሩ እዚያው ያበቃል። ብዙዎቹ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ ቺንጋው መቀየሪያው ሲደርስ የሚበራ መብራት አለ። መብራቱ ግን የሚያውቀው የተቆጠረውን ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ቆጣሪው ለሽያጭ ተብሎ ወደ ኋላ በተመለሰበት ወይም በተነቀለበት መኪና ላይ መብራቱ ምስክርነቱ ሐሰት ነው።

■ ገምቶ መቀየር ለምን አሸነፈ?

መካኒኮቻችን ይህን አያውቁም? ብዙዎቹ አሳምረው ያውቃሉ። ታዲያ ለምን «ቀይረን እንየው» ይሆናል?

የገንዘቡን መንገድ ተከተሉ። በብዙ ታክሲዎች ሾፌሩ ለባለቤቱ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል። መኪናው ጋራዥ የዋለበት ቀን ለሁለቱም ኪሳራ ነው። መካኒኩ ደግሞ የሚከፈለው ለእጁ ነው፤ ፈታ፣ ቀየረ፣ ገጠመ። ሁለት ሰዓት አዳምጦ፣ ለክቶ፣ «ምንም አልሆነም፣ የራዲያተር ክዳን ቀይሩ» ያለ መካኒክ ምን ይከፈለዋል? «ምን ሠራህና?» ነው የሚባለው። ሞተር ያወረደው ግን ዋጋውን ያገኛል። እኛው ባወጣነው የክፍያ ሥርዓት መርማሪውን ቀጥተን ፈቺውን ሸልመነዋል።

መንግሥትም በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር የሚከብድ ታክስ ጣለ። ዓላማው አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነው፤ ጥሩ። ግን ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና የት ይሄዳል? የሚተካው ሲወደድ ያው መኪና ተጠግኖ ይቆያል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሣት ሲጀምር ለሕዝብ ማመላለሻ የተለየ ድጎማ ቀረ፤ ይሁንና የሚባክን ናፍታ ዋጋ ከዓመት ዓመት ጨመረ። በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ።

እያንዳንዱ ውሳኔ የራሱ ምክንያት ይኖረዋል። ሲደመሩ ግን ለሚኒባሱ የተላለፈው መልእክት ይህ ነው፦ አትተካም፣ ዕቃህ ይወደዳል፣ ነዳጅህም ይወደዳል፤ ግን ሥራህን ቀጥል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ በግምት የተቀየረ አንድ ኢንጀክተር ቀላል ስሕተት አይደለም። የሾፌሩ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። በልኩ ያልተስተካከለ ፖምፓ ደግሞ ፈረንሳይ ዳገት ላይ ልጇን አዝላ የምትወጣ እናት ሳንባ ውስጥ የሚገባ ጥቀርሻ ነው።

■ ምን ይደረግ?

መኪናው ይታገድ ማለት ቀላል ነው። የጠዋቱን የመገናኛ ሰልፍ ያየ ሰው ግን ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ከእገዳ በፊት የሚቀድሙ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ፖምፓ ለአዲስ አበባ አየር ይለካ። ሾፌሮች ዳገት ሲያቅታቸው «ናፍታ ጨምርልኝ» ይላሉ። አየር ከሌለ የተጨመረው ናፍታ ጉልበት አይሆንም፤ ጭስና ሙቀት ነው የሚሆነው። ልኩን መቀነስ የነዳጅ ወጪንም፣ ጭስንም፣ የሞተር ሙቀትንም በአንድ ጊዜ ይቀንሳል። ከሁሉም ርካሹ መድኃኒት ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ቦሎ ምርመራ ይሁን። ዓመታዊው ምርመራ «አለፈ፣ ወደቀ» ብቻ ከሚል ጭሱ ምን ቀለም እንደሆነ፣ በምን ሁኔታ እንደወጣ፣ ምን ቢታይ እንደሚሻል በወረቀት ለባለቤቱ ቢሰጥ አገሪቱ ያለ ተጨማሪ መሣሪያ ብዙ ታተርፋለች።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ መኪና እንደ ሰው የሕክምና ካርድ ይኑረው። ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ቺንጋ መቼ እንደተቀየሩ የተጻፈበት አንድ ደብተር። ሾፌር ሲቀየር ደብተሩ ከመኪናው ጋር ይቅር። ቆጣሪ ይዋሻል፤ በየጊዜው የተጻፈ ደብተርን ግን ማታለል ይከብዳል።

አራተኛ፣ ዕውቀቱ ይጻፍ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ግቢ ዛሬ የእንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ መኖሪያ ነው፤ ከዚያው ተራራ ሥር። አንጋፋ መካኒኮች እዚያ ተጋብዘው፣ የሚሰሙትን ድምፅና የሚያዩትን ጭስ በአማርኛ ቢያስጽፉ ለቀጣዩ ትውልድ የሚተርፍ ነው። «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ወደ ጋራዡ የሚመለሰው በዚህ መንገድ ነው።

«ኤሌክትሪክ እየመጣ አይደል? ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም፤ እንጦጦ ላይ ጉልበቱ በአየር እጦት አይቀንስም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ኃይል መልሶ ያጠራቅማል። ለዚህች ከተማ የተሠራ ይመስላል። መምጣቱ ደግ ነው። ነገር ግን እስኪዳረስ ድረስ ያሉት ሚኒባሶች ለዓመታት ይሠራሉ። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ሳይመረምር ዕቃ የመቀየር ልማድ ይዘን ኤሌክትሪክ ዘመን ከገባን የምንቀይረው ኢንጀክተር ሳይሆን ባትሪ ይሆናል። የባትሪን ዋጋ የጠየቀ ያውቀዋል።

ስለዚህ ባለ ታክሲ የሆናችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጋራዥ ስትገቡ መካኒኩን «ስንት ያስወጣኛል?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ሆኖ ነው? በምን አወቅክ?» በሉት። በደንብ ከመለሰላችሁ፣ ምንም ዕቃ ባይቀይር እንኳ፣ የመረመረበትን ክፈሉት።

ተሳፋሪዎችና ሾፌሮች፣ ከዳገቱ ጋር የሚያውቃችሁን ሁሉ ከታች ጻፉልን። በተለይ የድሮ መካኒኮች ድምፅና ጭስ የሚለዩበትን ዘዴ የምታውቁ አካፍሉን። ሰላም ዋሉ።